ያልተመዘነው የወልደዮሐንስ ሥራ

ሉሲ የወልደዮሐንስን ላፕቶፕ ከፍታ ልትጽፍ ስትል ነው የደረስኩባት።

«እጅሽን አንሺ» አልኳት።

እኔ ስናደድ ድምፄ አይጮህም፤ ዝቅ ይላል። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ዝቅ ሲል ገለል ይላሉ። ሉሲ ግን ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችምና ፈገግ ብላ ቀና አለች።

«ምነው ሄርሚ? ጋሽ ደመላሽ ናቸው አጽጂው ያሉኝ። ወደ መጨረሻው ኮሚት ልመልሰውና ስም የሚለየውን ነገር እኔና አንቺ እንደ አዲስ እንሠራዋለን።»

«ወልዴ ሠርቶታል እኮ።»

«ኧረ ባክሽ! ሠርቶት ቢሆን ትናንት እንደዚያ እንዋረድ ነበር?»

የትናንቱ ውርደት እንዲገባችሁ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቢሯችን ዲላ ውስጥ ነው፣ ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ። አባቴ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ እኔ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ እሱ ግን ለሰው ሁሉ ልጄ ኮምፒውተር ትጠግናለች እያለ ነው የሚያወራው። ጋሽ ደመላሽ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው፤ ልባቸው ንጹሕ፣ ቁጣቸው ፈጣን። በዚያ በ2008 ዓ.ም. የቡና ወቅት፣ ወርቃ አካባቢ ላለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የእሸት ቡና መረከቢያ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ገበሬው እሸቱን ይዞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ይመጣል፤ ይመዘናል፤ ክብደቱ በስሙ ይገባል፤ ደረሰኝ ታትሞ ይሰጠዋል። ሥራው በወሬ ሲነገር ይኼን ያህል ቀላል ነው።

ያስቸገረን ስም ነበር። በዚያ ቀበሌ ሁለት በራሶ ጅሎ የሚባሉ ሰዎች አሉ። አንዱ ቁመተ ሎጋ ስለሆነ ረጅሙ በራሶ፣ ሌላው ቀላ ያለ ስለሆነ ቀዩ በራሶ ይባላሉ፤ አገሬው አንድም ቀን ተምታቶበት አያውቅም። የእኛ ፕሮግራም ግን ቁመትም መልክም ስለማያይ ቀዩ በራሶ ያመጣውን እሸት ሁሉ ቀድሞ በተመዘገበው በረጅሙ በራሶ ስም ይጽፈዋል። ይባስ ብሎ ረጅሙ በራሶ የወልደዮሐንስ አጎት ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደገውም ያስተማረውም እሱ ነው።

ወልደዮሐንስ የወርቃ ልጅ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ጸሎት ቤት ያገለግላል፤ እሱም ከመዘምራኑ ጋር ኪቦርድ ይጫወታል። እኔ «ማርያምን» ብዬ ስምል ፊቱን የሚያጨማድደው ነገር አለ፤ እኔም እሱን ለማየት ስል አንዳንዴ ሳያስፈልግ እምላለሁ። ቢሯችን ውስጥ ሰው ሳይጠይቀው ስህተቱን የሚናገር እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ «ሠራ!» ብሎ ከወንበሩ ሲነሳ ማናችንም ሄደን አላየንም። የአያት ስም እንዲገባ አድርጎ ሁለቱን በራሶዎች ለይቷቸዋል። ኮሚት አድርጎ፣ ወደ ቢሮው ሰርቨር ልኮ፣ ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ረቡዕ ጋሽ ደመላሽ ሥራውን ከሰርቨሩ ወደ ራሳቸው ላፕቶፕ አወረዱትና እሳቸው፣ ወልደዮሐንስና እኔ ወርቃ ወረድን። ወልደዮሐንስ በኮሚቴውና በገበሬዎቹ ፊት ቆመና መጀመሪያ በጌዴኦኛ፣ ቀጥሎ ለእኛ በአማርኛ «ከእንግዲህ የማንም ቡና በሌላ ሰው ስም አይጻፍም፤ አስተካክዬዋለሁ» አለ። ከዚያ የቀዩ በራሶ ማዳበሪያ ሚዛን ላይ ወጣ። የአያቱን ስም፣ ዱካሌ ብለን ጻፍን። ደረሰኙ ታትሞ ሲወጣ ላዩ ላይ ያለው በራሶ ጅሎ ሹንዴ ነው። ሹንዴ የረጅሙ በራሶ አያት ናቸው።

ቀዩ በራሶ ደረሰኙን አየ። ከዚያ ወልደዮሐንስን አየ። ከዚያ ዞሮ ረጅሙን በራሶ አየው፤ ሰዉም ሁሉ ዞሮ አየው። ማንም ሌባ አላለም፤ ማለትም አላስፈለገም። ጋሽ ደመላሽ ፊታቸው ተለዋውጦ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ስበው ያወረዱትን ኮሚት አገላበጡ። የአያት ስም መጻፊያ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑን የሚያነብ ነገር ግን ውስጡ የለም። ለዓይን ያህል የተቀመጠ ነው የሚመስለው። «ሠርቻለሁ ብሎ የሚዋሸኝ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም» አሉ፤ በሰው ሁሉ ፊት። ወልደዮሐንስ አንድ ቃል አልመለሰም። ከእኛ ጋርም ወደ ዲላ አልተመለሰም፤ ከቤተሰቡ ዘንድ አድራለሁ ብሎ እዚያው ቀረ።

እናም ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፑ ሉሲ ፊት ተከፍቷል።

ኮሚት ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ጊት ስለሚባለው ፕሮግራም ልንገራችሁ። እሱ ከመምጣቱ በፊት ሥራችንን የምንቀባበለው በፍላሽ ነበር፤ «የመጨረሻው»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»፣ «ይኼኛው ነው» የሚሉ ፎልደሮች ሞልተውናል። ጊትን ይዛ የመጣችው ሉሲ ናት፤ ለዚህ ሁሌም አመሰግናታለሁ። ጊት የሥራችንን ታሪክ ይይዛል። የለወጥከውን ነገር መጀመሪያ አድ ትለዋለህ፤ ያን ጊዜ ለውጡ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ቀጥሎ ኮሚት ስትል የተዘጋጀው ብቻ ታሪክ ውስጥ ይገባል። ያላዘጋጀኸው ለውጥ ላፕቶፕህ ላይ አለ፣ ፕሮግራምህም በእሱ ይሠራል፣ ለሌላው ሰው ግን የለም። ሉሲ ልታደርገው ያለችው ደግሞ ላፕቶፑን ወደ መጨረሻው ኮሚት መመለስ ነው። ያልተዘጋጀ ለውጥ ካለ በዚያች ቅጽበት ድራሹ ይጠፋል፤ ጊትም ራሱ አያስታውሰውም።

«መጀመሪያ ስታተስ በይው፤ ያልገባ ነገር ካለ ይንገረን» አልኳት።

«ምን ሊኖር?»

«በይው ብያለሁ።»

ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ጻፈች። አንድ መስመር በቀይ ወጣ። ስም የሚለየው ፋይል ነው፤ ተለውጧል፣ ለኮሚት ግን አልተዘጋጀም ይላል።

ሉሲ ፈገግታዋ ጠፋ። ልዩነቱን እንዲያሳያት ጠየቀችው። የወልደዮሐንስ ሥራ መስመር በመስመር ወረደ፦ የአያት ስም የሚያነበው፣ ሁለቱን ሰዎች የሚያነጻጽረው፣ የአያት ስም ባዶ ከሆነ መዛኙን የሚያስጠነቅቀው። ማስጠንቀቂያውን እንኳ በአማርኛም በጌዴኦኛም ጽፎታል። ይህን ማንም አላዘዘውም። ልቤ ሞቀ፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ትንሽ ዘግይቼ ብደርስ ኖሮ ይህ ሁሉ አፈር ይበላ ነበር፤ ወልደዮሐንስም ዕድሜውን ሙሉ ውሸታም ሆኖ ይቀር ነበር።

ጋሽ ደመላሽን ጠራኋቸው። ከሉሲ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትናንት ከተዋረደ በኋላ ጽፎት ይሆናል» አሉ።

«መቼ? ሰውየው ወርቃ ነው ያለው።»

«ሌሊት መጥቶ...»

«ላፕቶፑ የት ነበር ያደረው ጋሼ?»

እንደማይፈልጉ ሆነው «የእኔ መሳቢያ ውስጥ» አሉ። ረቡዕ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ራሳቸው ናቸው የቆለፉበት።

«ቁልፉስ?»

እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኪሳቸው ሄደ። ሉሲም ቀስ ብላ «ፋይሉ መጨረሻ የተነካው ማክሰኞ ከሰዓት ነው የሚለው፤ ኮሚት ከመደረጉ ትንሽ ቀደም ብሎ» አለች። ሉሲ የምትወደድ ልጅ ናት፤ መሳሳቷን ስታይ አትከራከርም።

«ታዲያ ለምን ኮሚቱ ውስጥ የለም?» አሉ ጋሽ ደመላሽ። «ግማሹን ልኮ ግማሹን ደብቆ ምን ሊጠቀም ነው?»

«እሱን አላውቅም። መሥራቱን ግን እኔም እርስዎም አሁን እናውቃለን።»

ሉሲ «በቃ አድ ልበለውና ኮሚት ላድርገው?» ብላ እጇን ሰነዘረች።

«አይነካም! የራሱ ሥራ ነው፤ ራሱ ያስገባዋል።»

ወልደዮሐንስ ዘንድ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጋሽ ደመላሽ ከሰዓት በኋላ እንደገና እንሞክር አሉ። እኔ ላፕቶፑን ዘግቼ ብብቴ ሥር ከተትኩት።

«መኪናውን ያስነሱ» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ እንዴ አለቃዬ?»

«ለዛሬ አዎ።»

ሳቁ፤ ቁልፉን ግን አነሱ።

ወናጎንና ይርጋጨፌን አለፍን። ከይርጋጨፌ ወጣ እንዳልን ጋሽ ደመላሽ መንገዱን እያዩ «በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት» አሉ። ራሳቸውን የሚያናግሩ ነው የመሰሉት።

«በሰው ፊት ያነሱታል» አልኳቸው።

«እምቢ ቢለኝስ?»

«ወልዴ እምቢ ማለት ቢያውቅበት ኖሮ እዚህ ሁሉ አንደርስም ነበር።»

ወርቃ ስንደርስ የእሸት መረከቢያው ሰዓት እየተቃረበ ነበር። ገበሬው ግን ገና በብዛት አልመጣም፤ የመጣው ማዳበሪያው ነው። በጣቢያው አጥር ሥር ግማሽ የሞሉ፣ ሩብ የሞሉ፣ ከሥራቸው ጥቂት እሸት ብቻ ያለባቸው ማዳበሪያዎችና ቅርጫቶች ተሰልፈው ቆመዋል። እያንዳንዱ አፉ ላይ ምልክት አለው፦ የእንሰት ቃጫ፣ ቀይ ክር፣ ቁራጭ ጨርቅ። ሰው በጊዜ መጥቶ ማዳበሪያውን ተራ ያስይዝና ወደ ማሳው ይመለሳል። ከዚያ እስኪመሽ የተለቀመው ሁሉ እየመጣ እዚያው ላይ ይጨመራል፤ ሰልፉም እየተንፏቀቀ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል። ሚዛኑ ጋ ሲደርስ ማዳበሪያው ሞልቷል። ማንም ይህን እንደ ማጭበርበር አያየውም፤ የሚቆጠረው ሚዛን ላይ ሲወጣ ያለው ነውና።

ከሰልፉ አጠገብ ቀዩ በራሶ ማዳበሪያው ላይ እሸት ሲገለብጥ አገኘሁት። እኔን ሲያይ ባዶውን ቅርጫት አስቀመጠ።

«አንተ የኮምፒውተሩ ልጅ ነህ አይደል?» አለኝ። የእሱ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም ለምጄዋለሁ። «ደክመህ መጣህ እንጂ ነገሩ አልቋል።»

«እንዴት አለቀ?»

«ወልዴ ትናንት እናንተ ስትሄዱ ሶንጎ ላይ ቆመ። ሰነፍኩ አለ። ሥራውን አልሠራሁም፣ ሠርቻለሁ ብዬ ዋሸሁ አለ። አጎቴ ምንም አያውቅም አለ። ሽማግሌዎቹም ይቅር አሉት፤ እኔም አልኩት። አለቀ።»

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰው ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ የተነገረ ቃል እንደ ሜዳ ወሬ በነፋስ አይሄድም፤ ሰውየው ከነቃሉ ይታወሳል። እና ወልደዮሐንስ እዚያ ላይ ቆሞ፣ በገዛ አፉ፣ ውሸታም ነኝ ብሏል። ከመናደዴ ብዛት እንባዬ መጣ።

ከጣቢያው ጀርባ፣ ከመፈልፈያው ማሽን አጠገብ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ሲያየኝ ሊሸሸኝ ቃጥቶት ነበር።

«አልሠራሁም ብለሃል?» አልኩት። ድምፄ ከሹክሹክታ የሚበልጥ አልነበረም።

አንገቱን ደፋ። «ብያለሁ።»

«ሠርተሃል አልሠራህም?»

«ሠርቻለሁ። በዓይኔ አይቼዋለሁ ሄርሜላ፤ ላፕቶፔ ላይ ሁለቱን ለይቷቸዋል። ከዚያ እዚህ መጥቶ ሲጠፋ ምን ብዬ ላስረዳ? እኔም አልገባኝ። ሁሉም ደግሞ አጎቴን ነው የሚያዩት። እሱ ሌባ ከሚባል እኔ ሰነፍና ውሸታም ብባል ይሻላል ብዬ ነው።»

«ማርያምን እገድልሃለሁ!» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አላጨማደደም። እጁን ይዤ ጎተትኩት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይርጉ ናቸው፤ ሶንጎ ላይም ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቸው ናቸው። ከሚዛኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው እየተሰበሰበ መጥቷል፤ ረጅሙ በራሶም አለ፤ ከሰዉ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለወልደዮሐንስ ሰጥቶ ቆሟል። ስሙ ነጽቶለት ሳለ ፊቱ የከሰረ ሰው ፊት ነው። ላፕቶፑን የመዛኙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ለአቶ ይርጉ እጅ ነሳሁ።

«ወልደዮሐንስ ሥራውን ሠርቷል። ማስረጃውን ይዤ መጥቻለሁ» አልኳቸው።

አቶ ይርጉ ወልደዮሐንስን አዩት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። «አሳዪን» አሉኝ።

ወልደዮሐንስን ላፕቶፑ ፊት አስቀመጥኩትና ስታተስ በል አልኩት። ቀዩ መስመር ወጣ። ሲያየው አፉን ያዘ።

«ይኼ... ይኼ የእኔ ነው። አልገባም ማለት ነው?»

«አልገባም። ማክሰኞ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ያደረግከውን አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«መጀመሪያ የአያት ስም መጻፊያ ሳጥኑን ሠራሁ። ወዲያው አድ አልኩት።»

«ለምን ወዲያው?»

«ተራ ይያዝልኝ ብዬ ነዋ።»

«ምን?»

«ተራ። ፋይሉ ተራውን ይዞ ይቆይ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ እየጨመርኩበት እውላለሁ፣ ማታ ኮሚት ስለው ያለውን ሁሉ ይወስዳል ብዬ። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

ቀና ስል ዓይኔ አጥሩ ሥር በተሰለፉት ማዳበሪያዎች ላይ አረፈ። ግማሽ የሞሉት፣ ሩብ የሞሉት፣ ባለ ክሮቹ። ሳቄ አመለጠኝ። በሰው መሐል፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ጋሽ ደመላሽ ያበድኩ ነው የመሰላቸው። ይኼ ልጅ እዚህ አጥር ሥር አድጎ ጊትን ሲማር አድ የሚለውን በሚያውቀው ነገር ተረድቶታል። እስከዚያ ቀን ያልነቃነው ደግሞ የሚተርፈው ለውጥ ትንሽ ስለነበር ነው፤ በማግሥቱ እንደገና አድ ሲል የትናንቱም አብሮ ይገባለት ነበር። ማክሰኞ ብቻ ማግሥት አልነበረውም፤ ረቡዕ ወርቃ ነበርን።

ወደ አቶ ይርጉ ዞርኩ።

«አባቴ፣ አንድ ሰው ማዳበሪያው ሚዛን ላይ ከወጣና ክብደቱ ከተያዘ በኋላ፣ አውርዶ ሌላ እሸት ቢጨምርበት የተጨመረው ይቆጠርለታል?»

«አይቆጠርም። እንደገና ሚዛን ላይ ካልወጣ በስተቀር።»

«እሸቱ ግን አለ?»

«የት ይሄዳል? ማዳበሪያው ውስጥ አለ።»

«ደረሰኝ ሲቆረጥስ?»

«ሚዛኑ ያነበበው ነው የሚጻፍ።»

«ይኸው ነው የሆነው። ኮምፒውተሩ ላይ አድ ማለት ተራ መያዝ አይደለም፤ ሚዛን ላይ መውጣት ነው። ኮሚት ደግሞ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ወልዴ ጠዋት ተራ ያስያዘ መስሎት ማዳበሪያውን በግማሹ ሚዛን ላይ አወጣው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ዋለ፣ ሞላው። ማታ ደረሰኝ ሲቆርጥ የተጻፈለት የጠዋቱ ብቻ ነው። እናንተ ትናንት ያያችሁት ያንን የጠዋቱን ነው። የቀረው ይኸው እዚህ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ነበረ።»

አቶ ይርጉ ለሌሎቹ በጌዴኦኛ አስረዷቸው። ከእኔ ይልቅ ባጭሩ ነው የጨረሱት። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳቀ፤ ከዚያ መዛኙ፤ ከዚያ ሳቁ በሰልፉ ሁሉ ተዳረሰ። የንቀት ሳቅ አልነበረም። ሁሉም በወልደዮሐንስ ቦታ ቢሆኑ ያንኑ ያደርጉ እንደነበር የገባቸው ሰዎች ሳቅ ነው።

«በል እንደገና ሚዛን ላይ አውጣው» አልኩት ወልደዮሐንስን።

አድ አለው። ቀዩ መስመር አረንጓዴ ሆነ። ኮሚት አለው፤ ገባ። ማተሚያውን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነው፤ የቀዩ በራሶ ማዳበሪያም ሚዛን ላይ ወጣ። ደረሰኙን መዛኙ ሳይቀበል ቀዩ በራሶ ራሱ ከማተሚያው ላይ መነጨቀው። አፉን እያንቀሳቀሰ አነበበና ጮክ ብሎ «ዱካሌ!» አለ። ቀጥሎም ወደ ረጅሙ በራሶ ሄዶ ወረቀቱን አሳየው፤ ሁለቱ ሞክሼዎች ትከሻ ለትከሻ ተቃቀፉ።

ጋሽ ደመላሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው የንግግር ሰው አይደሉም፤ ላብ አጥምቋቸዋል። «ትናንት እዚሁ ቆሜ ይህን ልጅ ውሸታም ብያለሁ» አሉ። «ሳላጣራ ነው ያልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወልደዮሐንስ፣ ይቅር በለኝ፤ ሥራህም ቦታህ ላይ ነው።» ወልደዮሐንስ ተነስቶ ጨበጣቸው፤ እሳቸውም እጁን ቶሎ አለቀቁትም።

ለእኔ ግን ነገሩ አላለቀም ነበር። ከጀመርኩ አልመለስም።

«አባቴ» አልኳቸው አቶ ይርጉን፣ «ትናንት ሶንጎ ላይ የሰጣችሁትን ይቅርታ አንሱለት። ያላጠፋውን ሰው ይቅር ማለት ጥፋተኛ ነህ ማለት ነው። ስሙ ላይ እንዲቀር አልፈልግም።»

አቶ ይርጉ አገጫቸውን እየደባበሱ ትንሽ አሰቡና ወልደዮሐንስን ጠሩት። መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ትናንት ሶንጎ ላይ ቆመህ፣ ሥራውን አልሠራሁም፣ ዋሽቻለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ሠርተህ ነበር?»

«ሠርቼ ነበር።»

«እንግዲያው ዋሽተሃል» አሉት። «በፊት አልዋሸህም። ትናንት፣ በእኛ ፊት፣ ዋሸሁ ስትል ነው የዋሸኸው። ይቅርታው አይነሳም፤ ለእሱ ይሁንልህ።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ጋሽ ደመላሽም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያልሳቀው ረጅሙ በራሶ ብቻ ነው። ሰዉን እየገለጠ መጥቶ ከወልደዮሐንስ ፊት ቆመ። ያን ቁመቱን ይዞ ከላይ ወደ ታች ለረጅም ጊዜ አየው።

«ለእኔ ብለህ ነው?» አለው።

ወልደዮሐንስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ሌባ ቢሉኝ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ተኝቼ አድር ነበር» አለው አጎቱ። «ያሳደግኩት ልጅ ውሸታም ነው ስትለኝ ግን አላደርኩም። አመንኩህ እኮ። አንተ የነገርከኝን አላምንም ብዬ አላውቅማ።»

ወልደዮሐንስ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ፤ አጎቱም ራሱን ይዞ ደረቱ ላይ ለጠፈው። እኔም ቆሜ አለቀስኩ።